ልትሞከር ወጥታ ሽምግልና የዋለች መኪና

መኪና ያለው ሰው ሁሉ አንድ የጋራ አመል አለው፤ የማይሸጠውን መኪና ዋጋ ማወቅ ይፈልጋል። ላም ያለው ሰው ወተቷን ያልባል እንጂ በየሳምንቱ ገበያ እየወጣ የኔዋ ስንት ታወጣለች ብሎ አይጠይቅም። መኪና ላይ ስንደርስ ግን ምን እንደሚነካን እንጃ። ጎረቤት መኪናውን ሸጠ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄያችን በስንት ሸጣት የሚል ነው። ሁለተኛውን ጥያቄ ደግሞ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንጠይቃለን፦ ታዲያ የኔዋ ስንት ትሄድ ይሆን?

እኔም ከዚህ አመል አልዳንኩም። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ እሸጣለሁ። በዚህ ከተማ ብርድ ልብስ ለመሸጥ ብዙ አንደበት አያስፈልግም፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ደንበኛው ራሱ እየተንቀጠቀጠ ይገባል። ከዚሁ ንግድ ባጠራቀምኩት ነው ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የቤት መኪና የገዛሁት። ትንሽ አይሏት ትልቅ አይሏት፣ አራት በር ያላት፣ አምስት ሰው በምቾት ስድስት ሰው በዝምድና የምትይዝ መካከለኛ አውቶሞቢል ናት።

የሌላውን ዓለም አላውቅም፤ እኛ አገር ግን መኪና ሲያረጅ ይከበራል። ከሾፌሩ በዕድሜ የሚበልጥ የጃፓን መኪና አለ። በየዓመቱ ዋጋው ይጨምራል፣ የባለቤቱም ኩራት አብሮ ይጨምራል። የኔዋ ግን እዚሁ አገር ቤት የተገጣጠመች ናት። አዲስ ነው የገዛኋት፤ የወንበሩ ሽታ እንኳ አልለቀቀም ነበር። ታዲያ ገና ሰፈር ሳልደርስ ዋጋዋ ወርዷል አሉኝ። ምን አጥፍታ? እዚህ መገጣጠሟ ነዋ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ዕቃዋ በሳጥን ተጭኖ ከባሕር ማዶ መጣ፣ እዚህ ያሉ ሠራተኞች ብሎን አጠበቁ። እንግዲህ ያገር ውስጥ የተባለው ብሎን ማጥበቁ ብቻ ነው ማለት ነው። ያው ብሎን ጃፓን ውስጥ ቢጠብቅ ኖሮ ይከበር ነበር። አንዳንዴ ኮፈኑን ከፍቼ ብሎኖቹን አያለሁ፤ የት አገር እንደጠበቁ ፊታቸው ላይ አያስታውቅም።

ብቻ ዋጋዋን ለማወቅ ያለኝ ጉጉት እያደር ባሰብኝና አንድ ቀን ለሰፈራችን ደላላ የሚሸጥ መኪና አለኝ ብዬ ነገርኩት። ልሸጣት አልነበረም። ባለቤቴ ዘነበች ይህን ስትሰማ፣ ሰው መጥቶ እሺ ገዛሁ ቢልህ ምን ልትል ነው ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ አስብበታለሁ አልኳት። ብርድ ልብስ ዳስሶ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ ሳይገዛ የሚሄድ ሰው ባጋጠመህ ቁጥር ማታ እራት ላይ ስታማው አይደል እንዴ የምታመሸው አለችኝ። ተነስቼ ወደ ሱቄ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ደላላው አንድ ወጣት ላከልኝ። ታምራት ይባላል፤ አረርቲ ላይ ጤፍና ሽምብራ የሚነግድ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ጫማው የተወለወለ ሰው ነው። መኪና ሊገዛ የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጎማውን በእግሩ ይመታል፤ ለምን እንደሚመታው ጎማውም አያውቅም። ታምራት አልመታም። ኮፈኑን በመዳፉ ነካና ቀደም ብዬ ሞተሩን አሙቄው እንደሆነ ጠየቀኝ። አሙቄው ነበር። በብርድ ጠዋት ለመነሳት ትንሽ ታንገራግራለችና፣ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ፊቷን እንዳጠብኩላት ነበር የቆጠርኩት። ቀጥሎ በሮቹን በየተራ ራሱ ከፍቶ ይዘጋ ጀመር። የኋላው የግራ በር ከውጭ አይከፈትም፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ወደ ግድግዳ አስጠግቼ ነበር ያቆምኳት። ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ወደፊት ያውጡልኝ አለና ያም ታወቀ። ከዚያ የፊት ወንበር ላይ የተጣጠፈውን ጋቢ አየ።

«ማሞቂያው አይሠራም ማለት ነው» አለ።

አልጠየቀኝም፣ ነገረኝ። ጋቢውን ደግሞ እንደነበረ አድርጎ አጣጥፎ መልሶ አስቀመጠው።

እሱም ያገር ውስጥና የውጭ ጉዳይ አስጨንቆታል። አንድ የጃፓን መኪና አይቶ እንደነበር፣ ከእሱ በዕድሜ እንደምትበልጥ፣ መለዋወጫዋ ግን በየሱቁ እንደሚገኝ አጫወተኝ። የኔዋ ወጣት ናት፣ ነገር ግን ነገ ልሽጣት ቢል ማን ይገዛዋል? ይህን ሲል ቅር አላለኝም፤ እኔ የምጠብቀው አንዲት ቁጥር ነው። ታምራት ግን ዋጋ ሊጠራ አፉን ከፈተና፣ መጀመሪያ አቀበትና ቁልቁለት ላይ ልያት አለ። የት አልኩት። አንኮበር አለኝ።

ለሙከራ አንኮበር አልራቀም? እንዲህ ብዬ ብጠይቀው፣ ሜዳ ላይ የማይሮጥ መኪና የለም ብሎ መለሰልኝ። ባዶ መኪና ደግሞ ጉልበቷ አይታወቅምና ሁለት ዘመዶቹን እንጫን አለ። ነገሩ አሳመነኝ። መናኸሪያው አጠገብ የሚጠብቁን ሁለት ሰዎች ግን ሌላ ጥያቄ ፈጠሩብኝ። አንዱ አጎቱ አቶ ክፍሌ ናቸው፤ አዲስ ጋቢ ለብሰው ከዘራ ይዘዋል። ሌላው ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ቄስ ናቸው። ለመኪና ሙከራ ቄስ ሲያዝ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ሊያስባርካት ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ፤ ሊያስባርክ የመጣ ሰው መቼም መግዛቱ አይቀርም።

ታምራት መሪውን ያዘ፣ እኔ አጠገቡ ጋቢዬን ደርቤ ተቀመጥኩ። የገብሱን ማሳ ጨርሰን ወደ ገደሉ አፋፍ ስንቃረብ ጉሙ እየተገለጠና እየተዘጋ ይቀበለን ጀመር። አንድ መታጠፊያ ላይ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ መንገዱን ሲያቋርጥ አገኘን። ታምራት ሞተሩን አጠፋና ጠበቀ። ጡሩምባ አልነፋም። ልጇን በጀርባዋ ያዘለች የመጨረሻዋ ጭላዳ ቀስ ብላ ተሻገረች፤ ከዚያ ነው የተንቀሳቀስነው።

ጥቂት እንደሄድን የአቶ ክፍሌ ስልክ ጠራ። ከለሚ ከተማ ይመጣል የተባለ ሰው ሐዘን ደርሶበት መቅረቱን ነገሯቸው። በመስተዋቱ ስመለከት ቄሱም አቶ ክፍሌም የኔን ሽበት እያዩ ነው። ታምራት መንገድ ዳር አቆመና ፊቱ ደም መሰለ።

«ጋሼ፣ መኪናዋን በእውነት ልገዛ ነው የመጣሁት» አለ። «ሽምግልናውም እውነት ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን ገጠሙብኝ።»

ለካ የሚወዳት ልጅ አንኮበር ናት፤ አስተማሪ ነች፤ አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ሦስት ሽማግሌ ይገባል ብሎ ቀጠሮ አስይዟል፣ ሦስተኛው ቀረ። ተናደድኩ ማለት ነበረብኝ። ንዴቴ ግን እስከሚቀጥለው መታጠፊያ አልዘለቀም። ዕድሜዬን ሙሉ ሽማግሌ ሆኜ ተልኬ አላውቅም፤ ሰው ቤት ገብቶ የሰው ልጅ መጠየቅ ምን እንደሚመስል ማየት አማረኝ። እሺ አልኩ።

እንደ ወጉ ጠያቂው ራሱ አይገባም። ታምራት ከመኪናዋ ጋር ከደጅ ቀረ፤ ጠዋት ላወቅሁት ሰው ቁልፌን ትቼ ገባሁ። የልጅቱ አባት አቶ ጌታሁን ገብስ የሚያርሱ፣ ለብዙ ዓመት ደግሞ የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ዳኝነቱን ተዉት እንጂ ዳኝነቱ እሳቸውን አልተዋቸውም። ተቀመጡ አሉን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ሦስታችን ተደርድረን ቆምን። አቶ ክፍሌ ያማረ ንግግር አደረጉ። የልጁን ዘር፣ ሥራ፣ ጨዋነት ዘረዘሩ። አቶ ጌታሁን ፊታቸው ሳይለዋወጥ ሰሙና ወደ መስኮቱ ሄዱ።

«መኪናዋ የልጁ ናት?» ብለው ጠየቁ።

ቄሱ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። አቶ ክፍሌ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ በእጁ ያለች ናት አሉ። ውሸትም አይደለም፣ እውነትም አይደለም። አቶ ጌታሁን ወደ እኔ ዞሩ።

«እርስዎስ? ለልጁ ምኑ ነዎት?»

አጎቱ ነኝ ልል ነበር፤ አንደበቴ እንቢ አለኝ።

«ሻጩ ነኝ» አልኩ።

«የምን ሻጭ?»

«የመኪናዋ።»

ከጓዳ ሳል ተሰማ። ሳቅ ይሁን ሳል ያኔም አልለየሁትም።

ያባርሩናል ብዬ ስጠብቅ አቶ ጌታሁን ፊታቸው ፈካ። አጎቱ ቢያመሰግነው አጎቱ ስለሆነ ነው፣ ቄሱም ቢያመሰግኑት የነፍስ አባቱ ስለሆኑ ነው፣ እርስዎ ግን የሥጋ ዝምድና የለዎትምና የልጁን ባሕርይ እርስዎ ይንገሩኝ አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ነው የማውቀው አልኳቸው። ይበቃል አሉ፤ ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ሲል ራሱን መደበቅ አይችልም።

አሁን ያለሁበትን አስቡልኝ። ልጁ ጠንቃቃ ነው አልኩ። በምን አወቁ ተባልኩ። እንግዲህ የበሩን ነገር ሳልናገር እንዴት አድርጌ ላስረዳ? በሩን ተናገርኩ። አቶ ክፍሌ ደስ አላቸው። አስተዋይ ነው አልኩ። በምን አወቁ? ጋቢውንና ማሞቂያውን ተናገርኩ። ሞተሯን አሙቄ መጠበቄን ሳይቀር አወጣሁት። እያንዳንዱ ቃሌ ልጁን ከፍ፣ መኪናዬን ዝቅ ያደርጋታል። የደበቁትን ሲያገኝ ተቆጣ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልተቆጣም፣ ጋቢዬን አጣጥፎ መለሰልኝ አልኩ። የጭላዳዎቹን ነገር ግን ሳልጠየቅ ነው የነገርኳቸው፤ ያ ለመኪናዋ ምንም አያጎድልባትም። ይህን ስነግር ጓዳው ጸጥ አለ።

በመጨረሻ አቶ ጌታሁን ጠጋ አሉኝ።

«እንዲህ ያለ ሰው ከሆነ፣ መኪናዋን ይገዛታል?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ጉሙ መኪናዬን ሊውጣት ትንሽ ቀርቶታል። ታምራት መስተዋቷን በገዛ መሐረቡ ይወለውላል፤ ዓይኑ ግን እኛ ያለንበት በር ላይ ነው። ከጓዳው መጋረጃ ወዲያ አንዲት ልጅ ትንፋሿን ውጣ ትሰማለች። እኔ ደግሞ ዋጋ ላውቅ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይገዛታል ብል ልጁን ሞኝ አደርገዋለሁ፣ አይገዛትም ብል ገበያዬን በገዛ አፌ እዘጋለሁ።

«እኔ ያየሁት ልጅ ከሆነ አይገዛትም» አልኩ።

አቶ ጌታሁን ወንበሩን በእጃቸው አመለከቱን።

«በሉ ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። ዘመድ ልማክር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ አሉ፤ ለወጉ ያህል እንደሆነ ግን ጠላው ከጓዳ ሲወጣ የነበረው ፍጥነት አሳበቀ። ስንወጣ አቶ ጌታሁን ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ ያገር ውስጥ መሆኗ አይደለም ችግሯ፣ በሯን ባለቤቷ አለማሠራቱ ነው አሉኝ።

ታምራት የሆነውን ሲሰማ መሪውን ይዞ ለረጅም ጊዜ ሳያስነሳት ተቀመጠ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ቄሱ ከኋላ ሆነው ቀስ ብለው ባረኩት። በመንገድ አቶ ክፍሌ እኔ የመሰከርኩትን አንድ ቃል ሳያስቀሩ ተረኩለት፤ እሱም አንዳንዴ ወደ እኔ ዞር እያለ ያያል። አቀበቱን እንዴት አድርጋ እንደወጣችው ግን ያስተዋለ የለም። እኔ አስተውያለሁ፤ በሚገባ ወጣችው።

ደብረ ብርሃን ሱቄ በር ላይ ስንደርስ ሰዎቹ ወረዱ። አሁን እንግዲህ እንግባበት ብዬ፣ ታዲያ መኪናዋን ስንት ትላለህ ስል ጠየቅሁት። ታምራት ቁልፉን በሁለት እጁ አድርጎ ሰጠኝ።

«ጋሼ፣ አይገዛትም ብለው አማቴ ፊት መስክረውልኛል» አለ። «አሁን ብገዛት እርስዎም ሐሰተኛ ምስክር፣ እኔም የማልታመን ሰው መሆናችን ነው።»

ክፉ ነገር አልተናገረም፤ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። ሊሄድ ትንሽ ራመድ ካለ በኋላ ተመለሰ።

«የቀጠሮው ቀን ግን በእሷው ነው የምንሄደው» አለኝ። «አማቴ ለምደዋታል።»