ልጄን ደጋ የላክኋት ሰሞን

እኛ የመተማ ቆላ ሸሕዲዎች ለማንኛውም በሽታ አንድ መድኃኒት አለን። ወባ ለደጋገመበትም፣ ሆዱን ለሚቆርጠውም፣ ሚስቱ ጥላው ለሄደችበትም መጨረሻ ላይ የምናዝለት ያው ነው፤ «ደጋ ወጥተህ አየር ለውጥ!» እንለዋለን። ይህን ስንል ሐኪም አማክረን አይደለም። አባቶቻችን ሰሊጥና ማሽላ ሊዘሩ ወደዚህ ሲወርዱ ከእህልና ከብርድ ልብሳቸው ጋር ጠቅልለው ያመጡት እምነት ነው። እናንተ ደጋ ያላችሁትስ ብትሆኑ? ዘመዳችሁ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ልውረድ ሲል የምትሸኙት እኮ ጦር ሜዳ እንደሚሄድ ሰው ነው። አትካዱ፣ አይቻችኋለሁ።

የሁላችሁም አለቃ ታላቅ እህቴ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ዳባት ይኖራሉ። ቆላ ወርደው አያውቁም፣ ግን ሸሕዲን በዓይናቸው ሳያዩ ጠንቅቀው ያውቋታል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚህ ትራክተር እየጠገንኩ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ሸብቼ፣ እሳቸው ስልክ ሲደውሉ ሰላምታቸው አሁንም «እስካሁን አለህ?» ነው።

እንግዲህ ልጄ ፋሲካ ሃያ ዓመቷ ነው። ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ የሚዛን ጸሐፊ ናት። አምና ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። መጀመሪያ ጀሪካን ስታነሳ ነበር፤ ቀጥሎ ከቤት እስከ መጋዘን ስትሄድ፤ በኋላ ስታወራም አረፍተ ነገሩን መሃል ላይ አቁማ አየር መሳብ አመጣች። ወባ ነው ብለን አስመረመርን። የለም አሉን። ደግመን አስመረመርን። የለም ሲሉን ማይክሮስኮፑን ተጠራጠርነው። አንድ ቀን መጋዘኑ በር ላይ ራሷን ስታ ስትወድቅ እኔ አባቷ፣ የቤቱ ራስ፣ ውሳኔ ሰጠሁ። በገዛ እጄ ሚኒባስ ላይ አሳፍሬ ዳባት ላክኋት።

እትዬ ጥሩወርቅ በደስታ ተቀበሏት። ወተቱ፣ ቅቤው፣ የገብስ በሶው፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን የልጅቷ ከንፈር ጠቆረ። በአራተኛው እግሯ አበጠ። እህቴ ደውለው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «አይዞህ፣ ቆላህ እየወጣላት ነው!»

እኔም አመንኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

በስድስተኛው ቀን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን በር ያለችውን አጭር መንገድ መጨረስ አቅቷት ወደቀች። እህቴ መኪና ለምነው ከላይ ጎንደር አወረዷት፣ እኔ ከታች እየበረርኩ ወጣሁ፤ ሆስፒታል ተገናኘን። ኦክስጅን ተደርጎላት ነበር። ልጄን በዚያ ቱቦ ስር ሳያት ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል አለቀስኩ።

ልቧን በአልትራሳውንድ ያየቻት ወጣት ሐኪም አስቀምጣ አስረዳችን። ከልብ ወደ ሳንባ ደም የሚወስዱት ቱቦዎች ጠበዋል፤ በውስጣቸው ያለው ግፊት በጣም ጨምሯል፤ ልቧ ደሙን ለማሳለፍ ከአቅሟ በላይ እየገፋች ደክማለች። ይሄ ለእኔ አዲስ ቋንቋ አልነበረም። ቱቦው የተቆለመመበት የውሃ ፓምፕ ምን እንደሚሆን ለሰው የማስተምር እኔ ነኝ። ቀጥላ «አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ ደግሞ ቱቦዎቹ ይበልጥ ይጠብባሉ» አለችና ቀና ብላ «ለመሆኑ ደጋ የላካት ማነው?» ብላ ጠየቀች።

እትዬ ጥሩወርቅ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። እናንተዬ፣ የሰሊጥ መኪና ዳገቱን ሲወጣ ለምን ሞተሩ ጉልበት እንደሚያጣ የሚጠየቀው በሸሕዲ ማን ይመስላችኋል? «ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል፣ ሞተር ይታፈናል» እያልኩ ስንቱን ሾፌር አስተምሬአለሁ። ለጭነት መኪና የማውቀውን ለልጄ አላወቅኩም።

ሐኪሟ ግን ለወቀሳ ጊዜ አልነበራትም። የቱቦዎቹን ጥበት የሚያላላ በቀን ሦስት ጊዜ የሚዋጥ ክኒን አዘዘች፤ እብጠቱን በሽንት የሚያወጣ ሌላ ጨመረች። ጨው ይቀነስ፣ ከባድ አይነሳ፣ ክኒን አይቋረጥ አለች። ስለ እርግዝና አደገኛነት ፋሲካን ለብቻዋ አነጋገረቻት። በሽታው ተነቅሎ የሚሄድ ሳይሆን ተይዞ የሚኖር መሆኑን፣ ይሄ ካልበቃ ሌሎች መድኃኒቶች እንዳሉ፣ ለአንዳንዱ ዓይነት ውጭ አገር ቀዶ ሕክምና እንደሚሠራም አልደበቀችንም። መጨረሻ ላይ «ደግሞ ዝቅ ያለ ቦታ ብትኖር ይሻላል። ዝቅ ያለ ቦታ የሚኖር ዘመድ አላችሁ?» አለች።

ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ! ደረቴን ነፍቼ ልመልስ ስል እህቴ ቀደሙኝ። «ዶክተር፣ መተማን ነው የሚሉት? ሰው ያልቅበታል እኮ!»

«አጎበር አላቸው?» አለች ሐኪሟ። አለን አልኳት። በዚሁ ተፈረደ።

የክኒኑን ነገር ካላወራሁላችሁ ግን ይቆጨኛል። ለካ ያ ክኒን በድንበሩ ገበያ ሽማግሌ ለአልጋ ጉልበት ብሎ በምስጢር፣ ፍሬ በፍሬ የሚገዛው ያው ክኒን ነው! ማዘዣውን ይዤ ሸሕዲ መድኃኒት ቤት ስቆም ባለ መድኃኒቱ ወረቀቱን አየ፣ ሽበቴን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ በወር ዘጠና? ልብዎ ይችለዋል?» አለኝ። «ለእኔ አይደለም፣ ለሴት ልጄ ነው» ብዬ ነገሩን አባባስኩት። ሐኪሟ የጻፈችውን እስከ ታች ሲያነብ ገባውና ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ግን የሰሙት ዘጠናዋን ብቻ ነበር። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ እኩዮቼ ከመቀመጫቸው ብድግ እያሉ ሰላም ይሉኝ ጀመር። እኔም ለማስተባበል አልቸኮልኩም።

ፋሲካ ግን በአንድ ጊዜ አልተነሳችም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከሥራ እየሮጥኩ መጥቼ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። እፈራ ነበር። እሷ ደግሞ ዓይኗን ሳትገልጥ «አባዬ፣ አለሁ፤ ሂድ ትራክተርህን ጠግን» ትለኛለች። የእግሯ እብጠት ጎደለ። ከንፈሯ ቀላ። ቆየት ብላ ወንበር ተሰጥቷት ወደ ሚዛኗ ተመለሰች፤ ለአጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የሚመጡት ጉልበት ሠራተኞች ጆንያ ሲወረውሩ እንደ ድሮዋ ትቆጣቸው ጀመር። ቁጣዋን ከመንገድ ማዶ ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

በቀጠሮዋ ቀን ጎንደር ወጣን። እትዬ ጥሩወርቅም ከዳባት መጡ። ፈተናው ቀላል ይመስላል፤ በሆስፒታሉ ኮሪደር ስድስት ደቂቃ ወዲህና ወዲያ መራመድ። ከሆስፒታል ስትወጣ ያንኑ ሞክራ ግማሽ ሳትደርስ ተቀምጣ ነበር። አሁን ነርሷ ሰዓቷን ይዛ «ጀምሪ» አለች። ፋሲካ ሄደች። ዞረች። መጣች። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ከእሷ ጋር እየተነፈስኩ ነበር። በአራተኛው ደቂቃ ፍጥነቷ ቀነሰ፤ እህቴ እጄን ጭምቅ አደረጉት። አልቆመችም። «በቃ፣ ስድስት ሞላ!» ሲባል እትዬ ጥሩወርቅ እልልታውን አቀለጡት፤ ነርሷ «እማማ፣ በሽተኛ አለ!» ብትል ማን ሊሰማት!

እኔ አጋጣሚውን ላሳልፍ አልፈለግኩም። እህቴ በሚሰሙበት ልክ «ዶክተር፣ ያዳናት እንግዲህ ቆላው ነው ማለት ነው?» አልኩ።

«መድኃኒቱ ነው፤ መዋጡን አለማቋረጧም ነው» አለች ሐኪሟ። «ቆላው ግን ረድቷል።»

እህቴ የፊተኛውን ይዘው፣ እኔ የኋለኛውን ይዤ ከበሩ ወጣን። ወደ መናኸሪያው የሚወስደው ዳገት ላይ «መድኃኒት ነው!» «ቆላ ነው!» ስንባባል ፋሲካ በራሷ ልክ፣ ቀስ እያለች፣ ሳትቆም ቀደመችን። ዳገቱ ጫፍ ላይ ደርሳ ዞር አለች።

«እናንተ ተከራክራችሁ ስትጨርሱ ድረሱብኝ፤ እኔ ሄጄ ቦታ እይዛለሁ!» ብላ በአንድ ትንፋሽ ጮኸችብን።

እኔና አክስቷ ዳገቱ መሃል ወገባችንን ይዘን ቆመን ነበር። መልስ ለመስጠት ትንፋሽ አጠረን።