ለሽምግልና የሄደችው መንኮራኩር

እናንተ ሰው ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው? ጣሪያውን የሚያይ አለ። ሶፋውን የሚያይ አለ። እኔ በሩን ነው የማየው፤ በየት እንደምወጣ ካላወቅሁ ሻይ አይወርድልኝም። መጥፎ አመል ነው አትበሉኝ። የባሰ አለ። ገብቶበት የማያውቀውን ቤት፣ ያውም ሰማይ ላይ የሚበረውን፣ ጓዳ ጎድጓዳውን ካላወቅሁ ብሎ ስምንት ወር የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ። ይማም ይባላል።

ይማም ነዳፊ ነው፤ የቤት ፕላን ይሠራል። ቆቦ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። እሱም ኮምፒውተሩን ጥግ ላይ አስቀምጦ እዚያው ይሠራ ነበር። ጊዜው የዲሽ ሳህን በየሻይ ቤቱ ጣሪያ ላይ መብቀል የጀመረበት ነው። የቆቦን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከምሳ በኋላ ሰው ሥራ አይፈልግም፤ ቬንቲሌተር ነው የሚፈልገው። ቬንቲሌተሩ ያለው ጎረቤታችን እትዬ ለምለም ሻይ ቤት ነበር።

እዚያ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከአንድ የዓረብ ጣቢያ፣ አንድ ተከታታይ ፊልም ይመጣል። ንግግሩ እንግሊዝኛ፣ ከሥር ያለው ጽሑፍ ዓረብኛ። የገባው ስንቱ ነው? አትጠይቁኝ። ሰዎች በመንኮራኩር ተሳፍረው ከኮከብ ኮከብ ይዞራሉ፤ ይጣላሉ፤ ይታረቃሉ። እኛም «መርከቢቱ» እያልን በየቀኑ እናያለን።

አንድ ቀን እትዬ ለምለም ብርጭቆ እያለቀለቁ ድንገት፣ «እኔ የምለው፣ እነዚህ ሰዎች የት ነው የሚበሉት?» አሉ።

እውነትም! ይህን ሁሉ ጊዜ ስናይ ከመሪው ክፍልና ከአንድ ረጅም መተላለፊያ ሌላ ያየነው የለም። «ሽንት ቤታቸውስ?» አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር። «የት ይተኛሉ?» አለ ሌላው። ያን ቀን ፊልሙን የተከታተለ አልነበረም። ሁሉም በየልቡ ማድቤት ይፈልጋል።

ይማም ሻዩን አስቀመጠ። «እኔ እነድፈዋለሁ» አለ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። በማግስቱ መጥቶ ቴሌቪዥኑን በስልኩ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። የበሩን ቁመት ከሰውዬው ቁመት ጋር ያመዛዝናል። ከውጭ የሚታዩትን መስኮቶች ይቆጥራል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ክፍሎቿን አንድ በአንድ ይገነባል። ዝም ብሎ ሥዕል እንዳይመስላችሁ፤ በማውሱ እየነዳችሁ በር ከፍታችሁ የምትገቡበት ነው። ወንበሩ አለ፣ አልጋው አለ፣ የመብራት ማብሪያና ማጥፊያው ሳይቀር አለ።

ሻይ ቤቱ በሙሉ ወደ እኔ ሱቅ ጎረፈ። ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳ መሰላችሁ? መርከቢቱ ውስጥ ሊንሸራሸር ነው እንጂ! ሁሉም ደግሞ ትእዛዝ አለው። የባጃጁ ሹፌር ሽንት ቤቱ ከመሪው ክፍል አጠገብ ይሁን አለ፤ ሹፌር ሲጨንቀው ርቆ መሄድ አይችልም ብሎ። እትዬ ለምለም ማድቤቱን ዞረው ዞረው አዩና ጭሱ በየት ይወጣል ብለው ጠየቁ። እዚያ እሳት እንደማይነድ፣ ሰማዩም አየር እንደሌለው ይማም አስረዳቸው። «አየር ከሌለማ ጭሱ ይብሳል» አሉት። እሱም ጭስ መውጫ ነደፈላቸው።

ሁሉም ደህና እየሄደ ሳለ ያ መተላለፊያ አመጣ ጣጣ። ዋናው ሰውዬ ሁልጊዜ እየሮጠ የሚያልፍበት ነው። ይማም ርምጃውን ቆጠረ፣ ለካ፣ አባዛ። መተላለፊያው ከመርከቢቱ ረዘመ! ጋሪ ላይ እንደተጫነ የግንባታ ብረት ከኋላዋ ወጥቶ ቀረ። ሰውዬው እስከ ጫፍ ቢሮጥ ሰማይ ላይ ነው የሚወድቀው። ይማም በዚህ ሁለት ወር እንቅልፍ አጣ። ከሳ፣ ጠቆረ።

እኔ እንግዲህ በዕድሜ ታላቁ ነኝና መከርኩት። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል፣ አንተ ግን ሥራ አላጣህም፤ ደግሞ ሚስት ልታጣ ነው አልኩት። እውነቴን ነው። ዘይነባ የምትባል፣ ሮቢት ከተማ ሒሳብ የምታስተምር ልጅ ይወዳል። እሷም አልጠላችውም። ችግሩ አባቷ ናቸው። ጋሽ ሙሄ ጎብዬ የሚኖሩ ጡረተኛ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ቤት የሌለው ሰው ደጄን አይርገጥ ብለዋል። ይማም ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ዘይነባም ሌላ ሰው ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን፣ ማሽላው ሳይታጨድ ካልቀደመ ነገሩ እንደሚያልቅ ልካበታለች። ስለ መርከቢቱ የነገራት ነገር የለም። ምን ብሎ ይንገራት?

«ቢያንስ የቤትህን ፕላን ይዘን እንሂድ» አልኩት። «ወረቀቱን ሲያዩ ልባቸው ይረጋል።»

በግማሽ ቀን ነድፎ ሰጠኝ። ሁለት ክፍል፣ አንድ በረንዳ፣ አለቀ። አትሜ ጠቀለልኩት። በዚያው ሳምንት ደግሞ መርከቢቱ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ትሰቀል ተብሎ እሷንም አተምኩ። ወረቀቱን በፕላስተር አገጣጥሜ እሷንም ጠቀለልኩ። ሁለቱን ጥቅል አንድ መደርደሪያ ላይ አቆምኳቸው። ከዚህ በኋላ ያለውን ገምታችሁታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እኔ ደግሞ የምቸኩል ሰው ነኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ከይማም አጎት ከሼህ እንድሪስ ጋር ጎብዬ ሄድን። ሼሁ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቴሌቪዥን አያዩም፤ ፕላን የሚባል ነገርም አይተው አያውቁም። ጋሽ ሙሄ በር ላይ ተቀበሉን። ተቀመጡ ሲሉን ሼህ እንድሪስ፣ «የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አሉ። ወጉ ነው። ቆምን።

ጉዳዩን ተናገርን። ጋሽ ሙሄ አዳመጡና፣ «ልጁ ቤት አለው?» አሉ።

ሼህ እንድሪስ በኩራት ወደ እኔ ጠቆሙ። «አቶ ካሳው፣ ዘርጋው!»

ዘረጋሁት። ወረቀቱ ከጠረጴዛው አልፎ መሬት ነካ። ለካ መርከቢቱን ነው ይዤ የመጣሁት!

ጋሽ ሙሄ መነጽራቸውን አደረጉ። «ይህ ሁሉ ክፍል ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ክፍል ነው» አሉ ሼሁ።

«መኝታው ብቻ ሁለት መቶ ያልፋል።»

«ቤተ ዘመዳችን ብዙ ነው።»

ጋሽ ሙሄ ጣታቸውን እየጎተቱ ያነባሉ። «'የሞተር ክፍል።' ይህስ?»

«የወፍጮ ይሆናል» አሉ ሼሁ ሳያመነቱ። «ወፍጮ የሌለው ቤት ምን ቤት ነው?»

«'የማምለጫ ጀልባ' ይላል እዚህ። ጀልባ ለቆቦ?»

ሼህ እንድሪስ ትንሽ አሰቡ። «የሆርማት ወንዝ በክረምት ሲሞላ አላዩም እንዴ? ልጁ አርቆ አሳቢ ነው።»

እንግዲህ ወንድሞቼ፣ ውሸት ውስጥ የገባ ሰው አለ፤ ሳያውቀው የገባ ደግሞ አለ። ሼሁ በንጹሕ ልብ ነው የሚመልሱት። ይህን ማየት አቃተኝ።

«ጋሽ ሙሄ» አልኩ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ቤት አይደለም።»

«ምንድን ነው ታዲያ?»

«መንኮራኩር ነው።»

«የማን?»

«የቴሌቪዥን።»

ሼህ እንድሪስ ወጉን ረስተው ያገኙት የእንጨት ዱካ ላይ ቁጭ አሉ።

ሁሉንም ተናዘዝኩ። ፊልሙን፣ የእትዬ ለምለምን ጥያቄ፣ የሹፌሩን ሽንት ቤት። ጋሽ ሙሄ አልተቆጡም። አልሳቁምም። ወረቀቱን ዳር እስከ ዳር አዩት። ዕድሜያቸውን ከአሰብ መቀሌ ሲመላለሱ፣ መኪናቸው ውስጥ ሲበሉ፣ መኪናቸው ውስጥ ሲተኙ የኖሩ ሰው ናቸው። በመጨረሻ ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ።

«ስኮርታው የት ነው?»

«ምኑ?»

«ትርፍ ጎማው! ይህን ያህል መንገድ ያለ ስኮርታ ይወጣል? መኪና ማንሻ ክሪክም አላየሁ።»

ጎማ እንደሌላት ነገርኳቸው። ጎማ ባይኖራትም የሚፈነዳ ነገር አይጠፋም አሉ። ይህን ሲሉ ዘይነባ የሻይ ሰሃን ይዛ ገባች። ሰሃኑን አስቀምጣ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አለቀለት ልጁ፣ አሁን ዕብድ ነው ትላለች ብዬ።

«ይህ መተላለፊያ ከኋላ ወጥቷል» አለች።

«እሱ ነው ይማምን ሁለት ወር ያሰቃየው» አልኳት።

ፊልሙን አይታው ኖሯል። ሮቢት ከመምህራኑ ጋር ታያለች ለካ! ትንሽ አሰበችና፣ «አንድ ነው ያለው ማን ነው?» አለች። «ሁለት ናቸው። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ስለሚመሳሰሉ አንድ መስሏችሁ ነው። ሰውዬው መሐል ላይ በር ከፍቶ ይገባ የለ? ደረጃው እዚያ ነው።»

እኔ ሒሳቡን አላውቅም። ግን ጋሽ ሙሄ ልጃቸውን ያዩበትን የኩራት ዓይን አየሁ። ጋሽ ሙሄ መልሳቸውን ሳይሰጡ፣ የቤቱን ፕላን በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዘን እንድንመለስ አዘዙን።

ቆቦ ስንመለስ ይማም ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ላብ አጥምቆታል። የሆነውን ነገርኩት። እሺ አሉ ወይስ እምቢ ብሎ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ሁለት ፎቅ አለች?» ብሎኝ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋ። መተላለፊያው ገባ። ልክክ አለ። ልጁ አለቀሰ። እውነቴን ነው፣ እንባ አየሁ። ስለ ዘይነባ ነገር እስኪመሽ አላነሳም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እውነተኛውን ፕላን ይዘን ሄድን። አሁንስ ተሳካ አልን። ጋሽ ሙሄ ዘርግተው አዩ። ፊታቸው ጠቆረ። የባሰው እዚህ ላይ ነው የመጣው።

«ማድቤቱ የት ነው?»

የለም። ይማም ረስቶታል። ሽንት ቤትም የለም። ሁለት ክፍል፣ አንድ በረንዳ፣ አለቀ ብያችሁ የለ?

«ለማያውቃቸው ሰዎች» አሉ ጋሽ ሙሄ፣ «ለቴሌቪዥን ሰዎች ማብሪያ ማጥፊያ ሳይቀር አስቦ፣ ለልጄ ማድቤት ይረሳል? ልጄ ከእነሱ ታንሳለች?»

እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ሳንቀመጥ እንደ ቆምን ተመለስን።

ያዳነን ዘይነባ ናት። ከአባቷ ጋር ምን እንደተነጋገረች አላውቅም። ሰኞ ከሥራ ስትወጣ በሚኒባስ ቆቦ መጣች። እኔ ሱቅ ገብታ ወንበር ስባ ከይማም አጠገብ ተቀመጠች። እሱ አፍሮ አንገቱን ደፍቷል።

«እንደዚያኛዋ አድርገህ ንደፈው» አለችው። «ሰው እንደሚኖርባት።»

ሦስት ሳምንት ሠሩ። እሷ ትለካለች፣ እሱ ይነድፋል። ይጨቃጨቃሉ። ማድቤትና ሽንት ቤት ይገባል፣ መስኮት ይጨመራል፣ ግድግዳ ይፈርሳል። ጋሽ ሙሄም ሳይጠሩ መጥተው መሣሪያ ማስቀመጫ አስጨመሩ። መኖሪያ ክፍሉ ሁለት ነበር፣ አሁንም ሁለት ነው። ነገር ግን ያችን ቤት በማውስ ዞሬ ስወጣ፣ የራሴን ቤት ጠላሁት። ሽማግሌ ሆነን ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ በር ላይ አልቆምንም። ጋሽ ሙሄ እጃችንን ይዘው አስቀመጡን።

ይኸው ተጋቡ። ወለዱ። እኔም ለወጣቶች ምክር መስጠት ትቻለሁ፤ የማይረባውን ነገር ተው ብል የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ወሬው ግን በአገሩ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌ የሚልክ ጎረምሳ ሁሉ መጀመሪያ እኔ ሱቅ ይመጣል፣ ትልቅ ወረቀት አትምልኝ ይላል። ባለፈው ጊዜ አንዱ የድልድይ ፕላን ከየት እንዳገኘ እንጃ፣ አሳትሞ በሽማግሌ ላከ። ተከለከለ። የልጅቷ አባት፣ እኔ ልጄን የምሰጠው ለሚኖር እንጂ ለሚያልፍ አይደለም አሉ አሉ።