የምክትሉና የኤሌክትሪክ መኪናው የሰሜን ዘመቻ

ሥራ ያልፋል፤ ስለ ሥራው የተደረገ ንግግር ግን ሌላ ንግግር እስኪደረግ ድረስ ጸንቶ ይኖራል። ይህን ረቂቅ እውነት ጠንቅቆ የተረዳ አንድ የትራንስፖርት መምሪያ ነበር። በአዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ ቢወላገዱም ማይክሮፎኑ ምንጊዜም አዲስ ነው። ግቢው ውስጥ ከቆሙት የጭነት መኪኖች ገሚሶቹ ጎማ የላቸውም፤ ሪፖርታቸው ግን ሲከንፍ ይውላል።

የመምሪያው ምክትል ኃላፊ ጥሩ ሰው ነበር። ጥሩነቱን የሚጠራጠር ካለ ራሱን ይጠይቀው፤ በዝርዝር ያስረዳዋል። ፀጉሩ ጥቁር ሳለ ምክትል ተባለ፣ ፀጉሩ ሲሸብትም ምክትል እንደሆነ ቀረ። አማቱ እንኳ ከልማድ ብዛት ስሙን ረስተው "ምክትል፣ ግባ እንጂ!" ይሉታል። ሚስቱ ደግሞ ጎረቤት የባሏን ሥራ ሲጠይቃት መጀመሪያ ትስልና "...ኃላፊ ነው" ትላለች። በሳሉ ውስጥ የተደበቀችው ቃል የትኛዋ እንደሆነች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ምክትሉ በዚህ ዓለም ላይ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ሳል እንዲቆም።

እንግዲህ ዋና ኃላፊው ጡረታ ሊወጡ ነው የሚል ወሬ በተናፈሰ ሰሞን ለመምሪያው አንድ የኤሌክትሪክ የጭነት መኪና መጣለት። ዋና ኃላፊው ምክትሉን አስጠሩት።

"ስማ ልጄ" አሉት። "ልጄ" ያሉት ስሙ ጠፍቶባቸው ነው። "ይህን መኪና አንዲት ጠብታ ነዳጅ ሳይነካው ሰሜን ቅርንጫፋችን ድረስ የወሰደ ሰው፣ እኔ በምነሳበት ወንበር ላይ ቢቀመጥ ማን ይከለክለዋል?"

"ማንም አይከለክለውም ጌታዬ!"

"በል እንግዲህ። እኔ ቀድሜ ሄጄ እዚያ እጠብቃችኋለሁ።"

"በዚሁ መኪና አብረን ብንሄድስ?"

"የለም የለም፣ እኔ በነዳጁ እሄዳለሁ። ለጥንቃቄ ነው።"

መኪናውን የሸጠው ሰው ባትሪው አንዴ ጢም ብሎ ከሞላ ሰሜን ቅርንጫፍ አድርሶ ትንሽም እንደሚተርፍ ምሎ ተገዝቶ ተናግሯል። ቻርጅ ማድረጊያው እዚያ ቅርንጫፉ ግቢ ውስጥ ተተክሏል። በመንገዱ ላይ ግን ሌላ የለም። ስለዚህ የቀረው ምን ይጫን የሚለው ጥያቄ ነበርና ኮሚቴ ተቀመጠበት።

"ሰሜኖቹ ጎማ እያሉ ሲጮኹ ስንት ጊዜያቸው! ጎማ እንጫንላቸው" አለች የመጋዘን ኃላፊዋ።

"ጎማማ ማንም ተራ መኪና ይጭናል" አለ ምክትሉ። "ይህ የሚጭነው ታሪክ ነው።"

ታሪክ ተጫነ። ታሪኩም አንድ ድንኳን፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ የሰው ቁመት የሚያህሉ ድምፅ ማጉያዎችና አንድ ትልቅ የእምነበረድ ድንጋይ ነበር። በድንጋዩ ላይ "ይህ መኪና አንዲት ጠብታ ነዳጅ ሳይቀምስ እዚህ ደረሰ" የሚል ተቀርጿል። መኪናው ከግቢ ሳይወጣ መድረሱ መቀረጹ የሚደንቀው ሰው ቢኖር፣ ስለ ዕቅድ ገና ብዙ ይቀረዋል።

መሪውን የያዘው "ጆሮ" የሚባል አንጋፋ ሹፌር ነበር። ዕድሜውን በናፍጣ መኪና ላይ የፈጀ፣ የሞተርን ሕመም በድምፁ ብቻ አውቃለሁ እያለ የሚኩራራ ሰው ነው። አዲሱ መኪና ግን ድምፅ የለውም። ጆሮ በዚህ ተከፋ። ዳገት በመጣ ቁጥር ዝም ብሎ መንዳት አልሆንልህ እያለው በገዛ አፉ "ኧንንንን" እያለ ያግዘዋል። ከኋላቸው ጭስ አልባውን ጉዞ ለመቅረጽ የተመደቡ የናፍጣ መኪኖች ይከተላሉ፤ ጭሳቸው ፊልሙ ውስጥ እንዳይገባ ራቅ እንዲሉ ጥብቅ መመሪያ ተሰጥቷቸዋል።

የመጀመሪያው ከተማ ሲደርሱ መብራት የለም። ከንቲባው እንግዶቻቸውን ሊቀበሉ ብቅ ሲሉ አንዱ ጉንጫቸው ተላጭቷል፣ አንዱ አልተላጨም። ፀጉር አስተካካያቸው የመላጫ ማሽኑን እንደያዘ ከኋላቸው ቆሟል።

"ይቅርታ" አሉ ከንቲባው ያልተላጨውን ጉንጭ በመዳፋቸው ሸፍነው፤ "መብራት መሐል ላይ ሄደብን።"

ምክትሉ ደረቱን ነፋ። "ክቡር ከንቲባ፣ ይህ መኪና እኮ ሶኬት አለው!"

ከንቲባው በሕዝብ ፊት ተላጩ። ሕዝቡም ለሁለተኛው ጉንጭ አጨበጨበ። ቀጥሎ ድምፅ ማጉያው ተሰካ፣ ከዚያ ስልኩ የሞተበት ሁሉ ገመዱን ይዞ ተሰለፈ። ከንቲባው ስለ መኪናው ተናገሩ፤ የከንቲባው ምክትል ከንቲባው የተናገሩትን ደገሙት። የእኛው ምክትል ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"አያችሁ? መኪናው ራሱ ስለ ራሱ እየተናገረ ነው!"

ከዚያ ማይክሮፎኑ ለእሱ ደረሰ። ምክትሉ በሕይወቱ ብዙ ነገር እምቢ ብሏል፤ ማይክሮፎን ግን እምቢ ብሎ አያውቅም። "ሁለት ቃል ብቻ" አለ። ይህን ጊዜ የሚያውቁት ሰዎች ወንበር ፈለጉ።

ጋቢና ሲመለሱ ጆሮ ዳሽቦርዱን እያየ ራሱን ያካል።

"አለቃ፣ ቁጥሯ ወርዳለች።"

"የቷ ቁጥር?"

"የባትሪዋ ናታ። ስንገባ እንዲህ አልነበረችም።"

"ንግግር ይህን ያህል ይበላል እንዴ?"

"ማቀዝቀዣውም ሲሠራ ነበር። መብራቱም።"

"ማን አብርቶት?"

"መኪናው በርቶ ነበራ!"

"ታዲያ ለምን አላጠፋኸውም?"

"ዝም ሲል የጠፋ መስሎኝ ነዋ! መኪና ሲጠፋ አይደል እንዴ ዝም የሚል?"

ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው የኤሌክትሪክ መኪና አላየም። ምክትሉ ግን ትንሽ ይተርፋል የተባለውን አስታውሶ ተጽናና። የተረፈው ነገር ተበላ እንጂ ዋናው መች ተነካ!

ሁለተኛው ከተማ ወሬው በስልክ ቀድሞ ደርሶታል። እዚህ መብራት ነበር፤ ሆኖም የከተማው አስተዳዳሪ ምክትሉን ክንዱን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱት።

"እኛ ከእነዚያ በምን እናንሳለን? ለእነሱ ከመኪናው ሰጥታችሁ ለእኛ ከግድግዳ?"

"ኧረ እንደሱ አይደለም፣ ባትሪው ትንሽ..."

"ጎረቤቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን ሊሰድቡን ነው እኮ!"

ሰው ማስቀየም ነውር ነው። ተሰካ። የሙዚቃ ባንዱ ኦርጋን ተሰካ፣ የፎቶ አንሺው መብራት ተሰካ፣ ለክብር እንግዶች የመጣው ማራገቢያ ተሰካ። በዚያኛው ከተማ የተናገሩትን በእጥፍ የሚበልጡ ተናጋሪዎች ተናገሩ። ምክትሉም ሁለት ቃል ብቻ አለ። ጆሮ በበኩሉ መኪናውን በጥንቃቄ አጠፋሁ ብሎ እንደበራ ትቶት ወርዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ምክትሉን ላብ ላብ ያለው። ማቀዝቀዣው ተዘጋ። ራዲዮው ተዘጋ። ምክትሉ ኮቱን አውልቆ፣ ክራቫቱን ፈትቶ፣ የሚወርደውን ቁጥር እንደ ታማሚ ትንፋሽ ይከታተላል። ድንጋዩን አራግፈው ቢጥሉት እንደሚቀላቸው አስቦ ነበር። ግን ወንበሩ ያለው በድንጋዩ ላይ ነው፣ የሚስቱም ሳል የሚቆመው በድንጋዩ ነው። እንዴት ይጣላል?

"ሦስተኛውን ከተማ አልፈን እንሄዳለን" አለ በቁርጠኝነት።

"ቢያስቆሙንስ አለቃ?"

"ቢያስቆሙንም ማይክ አልይዝም።"

"ይማሉ?"

"ልጆቼ ይሙቱ አልይዝም!"

በሦስተኛው ከተማ መግቢያ ላይ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር የዘጋ ሪባን ተወጥሮ ጠበቃቸው። ሪባን በጥሶ የሚያልፍ ኃላፊ በየትኛውም አገር አልተወለደም። ቆሙ። የከተማዋ ከንቲባ ግርማ ሞገስ ያላቸው ሴት ናቸው፤ ድምፅ ማጉያው መሰካቱን በዓይናቸው ካረጋገጡ በኋላ የንግግራቸውን ርዕስ አበሰሩ። ርዕሱ "ኃይል ቆጣቢነት" ነበር። ስለ ቁጠባ እንደ እሳቸው የተናገረ ሰው የለም። ከልጅነት እስከ እርጅና፣ ከሻማ እስከ ፀሐይ፣ አንድም ሳይቆጥቡ ተናገሩ። ምክትሉ እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ቀብሮ ተቀምጧል።

"አሁን ደግሞ" አሉ በመጨረሻ "የዚህ ታሪክ አባት የሆኑት ክቡር እንግዳችን..."

ምክትሉ ራሱን ነቀነቀ።

"ኧረ ትሕትናዎ በዛ! ሁለት ቃል ብቻ!"

ጆሮ ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ "አይሆንም" ይላል። ምክትሉ አየው። በእውነት ሊተወው ፈልጎ ነበር። እጁ ግን ከጭኑ ሥር ወጥቶ ሄደ፣ ማይክሮፎኑን ያዘ፣ አፉም ተከተለው። "በመጨረሻም" ሲል ጆሮ ተነሳ፤ "ከሁሉም በመጨረሻ" ሲል ተመልሶ ተቀመጠ። "ሳልጠቅስ የማላልፈው" ሲል ጆሮ ወደ ጥላ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የወጣውን ቃል ወደ ባትሪው የሚመልስ አልተገኘም።

ከከተማዋ ወጥተው ትንሽ እንደሄዱ ትልቁ ዳገት መጣ። ሰሜን ቅርንጫፍ ከዳገቱ ማዶ ነው። ጆሮ "ኧንንንን" እያለ አገዘ፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ፣ ድምፁ ሊዘጋ ደረሰ። ምክትሉም ድምፁን እየሰማ ዓይኑን ጨፍኖ ወንበሩን ያስባል፤ ሰፊ ነው፣ ይሽከረከራል። ዓይኑን ሲገልጥ ከመስኮቱ አጠገብ አንድ ዛፍ አየ። ቆይቶ ሲያይ ያው ዛፍ ነው።

"ጆሮ፣ እየሄድን ነው?"

"ኧንን... ምን?"

"እየሄድን ነው ወይ?"

ጆሮ ድምፁን አቁሞ አዳመጠ። "እኔ እንጃ አለቃ። ይሄ መኪና መች ይታወቃል!"

መኪናው ከቆመ ቆይቷል። ስልኩ ጮኸ፤ ዋና ኃላፊው ናቸው።

"የት ደረሳችሁ? እኔ እኮ ደርሷል ብዬ ለበላይ አካል ሪፖርት አድርጌያለሁ።"

"ደርሰናል ማለት ይቻላል ጌታዬ።"

"ማለት ይቻላል ወይስ ደርሳችኋል?"

"መልሼ ልደውልልዎ ጌታዬ።"

ካሜራ ያዡ በናፍጣ መኪና እናስጎትተው አለ። ምክትሉ ሰቀጠጠው። በናፍጣ ተጎትቶ "አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ"? ጭነቱ ላይ ወጥቶ ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጠ። ፈራ፤ ከልቡ ፈራ። ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ጎረቤት ሚስቱን ሲጠይቅ፣ እሷም ስትስል ታየው። አለቅሳለሁ ብሎ በድንጋዩ ላይ አቀረቀረ። አቀርቅሮ ሳለ ጽሑፉን እንደገና አነበበው። "እዚህ ደረሰ" ይላል። ዳገቱን አየ፣ ዛፉን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ተነሳ።

"ድንጋዩን አውርዱ!"

ተከሉት። ድንኳኑ ተወጠረ፣ ወንበሮቹ ተደረደሩ። ምክትሉም ደውሎ ሥነ ሥርዓቱ እዚህ መሆኑን ለዋና ኃላፊው አስታወቀ። ዋና ኃላፊው ከነእንግዶቻቸው ዳገቱን ወርደው መጡ። ድንጋዩን አዩ፣ መኪናውን አዩ፣ ካሜራውን አዩ። ድንጋይ ይነቀላል፤ ለበላይ አካል የቀረበ ሪፖርት ግን አይነቀልም። ማይክሮፎኑን ተቀብለው እፍ ቢሉበት ዝም አለ። ስለዚህ በመምሪያው ታሪክ እጅግ አጭሩን ንግግር በባዶ ጉሮሯቸው ጮኸው አደረጉ።

"በዚህ ስፍራ አዲስ ቅርንጫፍ ከፍተናል! ዋና ኃላፊውም ይህ ጀግና ነው!"

ተጨበጨበ። ምክትሉ ጆሯቸው ሥር ተጠጋ።

"የእርስዎስ ወንበር ጌታዬ?"

"የኔ ጡረታማ ይህ ቅርንጫፍ በእግሩ እስኪቆም ተራዝሟል። አንተን እዚህ ጥዬ የት እሄዳለሁ ልጄ?" አሉና ከተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱን አንስተው በገዛ እጃቸው ሰጡት። ከዚያ ጥለውት ሄዱ።

ቅርንጫፉ ዛሬም በሥራ ላይ ይገኛል። ዋና ኃላፊ አለው፤ ምክትል ኃላፊም አለው፣ እሱም ጆሮ ነው። ዋና ኃላፊው ቻርጅ ማድረጊያ ወይም አንድ ጀሪካን የሚጠጣ ውኃ እንዲላክለት ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ከበላይም ደጋግሞ ምስጋና ይላክለታል። በዳገቱ የሚያልፉ የናፍጣ ሹፌሮች ድንጋዩን አንብበው ጥሩምባ ይነፉለታል። እሱም ከወንበሩ ተነስቶ "ሁለት ቃል ብቻ" ሲላቸው እነሱ ኩርባውን አልፈዋል።

ሚስቱ ግን አለፈላት። አሁን ጎረቤት የባሏን ሥራ ሲጠይቃት ሳል የሚባል የለም፤ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ለሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ፣ "ዋና ኃላፊ ነው!" ትላለች።

"እሰይ፣ እሰይ! የት?" ይላታል ጎረቤት።

ያኔ ትስላለች።