ምርቃት ከወረቀት ላይ

[አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ የወለቴ ሳሎን። ወለቴ ፊደል የቆጠረችው የልጅ ልጅ ካየች በኋላ ነው። ጎረቤቷ ዙሁራ ታች ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ሱቅ አላት፤ ፊደል አልቆጠረችም። ሁለቱም ለሰርግ ለብሰዋል። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ፕሪንተር ባዶ ወረቀት ተፍቶ ዝም ብሏል።]

ዙሁራ፦ ይኸውልሽ፣ አወጣ እኮ!

ወለቴ፦ ምኑን አወጣ? ነጭ ነው!

ዙሁራ፦ ነጭ አስገባሽ፣ ነጭ አወጣ። ምን በድሎሽ ትቆጪዋለሽ?

ወለቴ፦ ዙሁራ፣ ይሄ ወፍጮ አይደለም።

ዙሁራ፦ ወፍጮማ ቢሆን ዱቄት ያወጣ ነበር።

ወለቴ፦ ጽሑፍ ነው ማውጣት ያለበት! የልጅ ልጄን ሊሻንን የምመርቅበትን ምርቃት ስልኬ ላይ በአንድ ጣቴ ስለቅም ሰንብቻለሁ። ልጄ ኢሳያስ ማሽኑን ያመጣልኝ ጊዜ ከስልኬ ጋር አገናኝቶልኝ ሄዷል። ይቺን ሥዕል መንካት ብቻ ነው። ነካሁ፤ ነጭ። ደግሜ ነካሁ፤ ነጭ።

ዙሁራ፦ ታዲያ በቃልሽ ብትመርቂያትስ? የሙሽራው ዘመዶች ከጨንቻ እየወረዱ ነው። የእነሱ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ነው የሚመርቁት። ሳር ደግሞ መብራት አይፈልግም።

ወለቴ፦ ባዩሽ ዕድር ላይ ምን እንዳለች ረሳሽው?

ዙሁራ፦ «ወለቴ መጽሐፍ የምትይዘው ለፀሐይ መከለያ ነው» ያለችው?

ወለቴ፦ እሱን አልሰማሁም ነበር! እኔ የሰማሁት «ወለቴ አነበብኩ የምትለው በቃሏ ነው» ማለቷን ነው።

ዙሁራ፦ እ... እሱንም ብላለች።

ወለቴ፦ ዛሬ በልጅ ልጄ ሰርግ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከወረቀት ላይ አነባለሁ። ባዩሽም ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታየኛለች። መኪናው ሳይመጣ ይሄ ማሽን ካልሠራልኝ፣ እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም!

ዙሁራ፦ ያ ረቢ! አያቷ ቀርታ ምን ሰርግ አለ? በይ ንገሪኝ፣ ምን እናድርገው?

ወለቴ፦ መመሪያ አለው። [መጽሐፉን ትከፍታለች] በፈረንጅ ፊደል ነው፤ ግን ሥዕሉን አነባለሁ። ይኸው ማሽኑ። ይቺ ቀስት ደግሞ ወደ ላይ ታመለክታለች።

ዙሁራ፦ ምን ማለት ነው?

ወለቴ፦ ይነሳ ማለት ነው። ያዢልኝ በዚያ በኩል።

[ሁለቱ ማሽኑን ብድግ አድርገው ይቆማሉ።]

ዙሁራ፦ አነሳነው። አሁንስ?

ወለቴ፦ ሥዕሉ ሌላ ነገር አይልም።

ዙሁራ፦ ታዲያ እስከ መቼ ነው የምንሸከመው?

ወለቴ፦ እስኪሠራ ነዋ።

ዙሁራ፦ እትዬ ወለቴ፣ ወገቤ ሰርግ ሊበላ ነው የመጣው።

[ማሽኑ ይንጋደዳል። ክዳኑ ቧ ብሎ ይከፈታል።]

ዙሁራ፦ አፉን ከፈተ! ኧረ ቀይ መብራትም እያበራ ይጠቅስሻል።

ወለቴ፦ ሥዕሉ ያለው ክዳኑን አንሱ ነው ለካ። አልኩሽ አይደል! [ማሽኑን ያስቀምጣሉ]

ዙሁራ፦ አላልሽም።

ወለቴ፦ በሆዴ ብያለሁ። እስኪ ቀለሙን እንየው። [ከውስጥ ትንሽ ጥቁር ሣጥን ታወጣለች] ይቺ ናት ቀለሙን የያዘችው።

ዙሁራ፦ [ታሸታለች] አሳ አሳ ይላል።

ወለቴ፦ ዛሬ ጠዋት እስክከታት ድረስ ፍሪጅ ውስጥ ነበረች፣ ከጫሞው አሳ ጎን። የአርባ ምንጭ ሙቀት ሰውን ያደርቃል፤ ጠብታ ቀለም አያደርቅም ብለሽ ነው?

ዙሁራ፦ እሱስ ልክ ነሽ። ይቺ ከታች የተለጠፈችው ቢጫ ፕላስተር ምንድን ናት?

ወለቴ፦ እንዳትነኪያት! የአዲስነቱ ማኅተም ናት። አንቺ ደግሞ ያገኘሽውን ሁሉ መላጥ ትወጃለሽ።

ዙሁራ፦ እኔ? የቤቴ ቴሌቪዥን ላስቲኩ እስካሁን አልተነሳም። ሥዕሉ ጭጋግ ይመስላል፤ ግን አዲስ ነው።

ወለቴ፦ የእኔም ሶፋ እንደዚያው። አዲስ ዕቃ ላስቲኩ ሲነሳ ያረጃል።

ዙሁራ፦ [ለመነሳት ትሞክራለች፤ ቀሚሷ ከሶፋው ላስቲክ ላይ ተጣብቋል] ላስቲኩ ግን እንግዳ አይለቅም።

ወለቴ፦ ቀለሙ ደህና ነው። እንግዲህ ቫይረስ ገብቶበታል ማለት ነው።

ዙሁራ፦ ጭንብል አድርገሽለት ሳለ?

ወለቴ፦ የቱን ጭንብል?

ዙሁራ፦ ቢጫውን ነዋ! ዘንድሮ አንዱ ደንበኛዬ «የሸጥሽልኝ ዘይት አይወርድም» ብሎ ጀሪካን ተሸክሞ መጣ። ብሞክረውም እውነትም አይወርድ።

ወለቴ፦ ምን አልሽው?

ዙሁራ፦ ሰደብኩት። ክዳኑ ሥር ያለውን ሽፋን ሳይቀድ ነበር የሚያጋድመው።

ወለቴ፦ [ቢጫዋን ፕላስተር እያየች] ቀደድሽለት?

ዙሁራ፦ ቀደድኩለት፣ ወረደለት። ምነው?

ወለቴ፦ ምንም። [ፕላስተሯን ቀስ ብላ ትልጣለች፤ ጣቷ ይጠቁራል] ... ዙሁራ፣ ወደዚያ ዙሪ።

ዙሁራ፦ ለምን?

ወለቴ፦ ላፍር ነው። [ሣጥኗን መልሳ ትከታለች፤ ክዳኑን ትዘጋለች፤ ስልኳን ትነካለች]

[ማሽኑ ያጉረመርማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወረቀት ያወጣል።]

ወለቴ፦ ጻፈ! ዙሁራ፣ ቀለም ወጣ! [ወረቀቱን ነጥቃ ትነሳለች፤ ነጠላዋን ታስተካክላለች] ተቀመጪ፣ ባዩሽን ሁኚልኝ።

ዙሁራ፦ ሆንኩልሽ። ከንፈሬን ላጣምም?

ወለቴ፦ አጣምሚ። [ወረቀቱን ከፊቷ ዘርግታ፣ ሳትደናቀፍ] «ልጄ ሊሻን፣ የረገጥሽው ይለምልም። ቤትሽ እንግዳ አይጣ፤ እንግዳሽም ሳይበላ አይውጣ። የደስታሽ ምንጭ አርባ ይሁን፤ አንዱ ቢደርቅ ሌላው ይፍሰስልሽ። ባልሽ ሲያኮርፍ እራት ያስታርቃችሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሲመሽ ነው፤ ላንቺ ሁሉም በጠዋት ይሁንልሽ።»

ዙሁራ፦ [ዓይኗን እየጠረገች] አሚን! ወላሂ ባዩሽ ራሷ ታለቅሳለች! እስኪ አሳይኝ፣ ይሄ ሁሉ ነገር እንዴት ሆኖ እንደተጻፈ ልየው። [ወረቀቱን ትቀበላለች] ... ወለቴ።

ወለቴ፦ ወዬ።

ዙሁራ፦ ፊደል መስመር ነው እንዴ? ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ጥቁር...

ወለቴ፦ ምን?

ዙሁራ፦ እኔ ማንበብ አልችልም። ጥለት ግን አውቃለሁ። ይሄ የጨንቻ ሸማኔ የሠራው ጥለት ነው!

ወለቴ፦ [ወረቀቱን አቅርባ ታያለች፤ አርቃ ታያለች] ... ማሽኑ ቀለሙን እየሞከረ ነው።

ዙሁራ፦ አንቺ ግን ጥሩ አድርገሽ አነበብሽው።

ወለቴ፦ ዝም በይ! እየጻፍኩ እየደገምኩ አፌ ላይ ቀርቶ ነው እንጂ... ኧረ ጉዴ፣ ባዩሽ ልክ ነበረች!

[ማሽኑ ሌላ ወረቀት ያወጣል፤ ይሄኛው ጥቁር ፊደል የሞላበት ነው።]

ዙሁራ፦ ይኸው ዋናው መጣ። በይ፣ ይሄንን ዓይንሽን ከወረቀቱ ሳትነቅይ።

ወለቴ፦ [በጣቷ እየተከተለች፣ ላብ እያጠመቃት] «ል...ጄ... ሊ...ሻን... የ...ረገ...ጥሽው...»

ዙሁራ፦ ይሄ ነው ንባብ! እየተንገዳገደ ነው የሚመጣው። ሰርጉም ላይ እንዲሁ አድርጊ፤ ያን ጊዜ ነው የሚያምኑሽ።

ወለቴ፦ በዚህ ዓይነት ሳልጨርስ ሙሽሮቹ ወልደው ይጠብቁኛል።

[ውጭ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል።]

ዙሁራ፦ መኪናው መጣ፣ ተነሺ!

ወለቴ፦ ቆይ፣ አንድ ቅጂ ልጨምር። አንዱን ለባዩሽ እሰጣታለሁ፤ ቃል በቃል እየተከተለች ትፈትነኝ።

ዙሁራ፦ ማን? ባዩሽ? እሷ እኮ እንደ እኔ ናት። ስልኳ ላይ መልእክት ሲመጣ ሱቄ ድረስ ወርዳ ለደንበኛ ነው የምታስነብበው።

ወለቴ፦ [ሶፋው ላይ ዘጭ ትላለች፤ ላስቲኩ ይንጫጫል] ታዲያ በቃሌ መሆኑን በምን አወቀች?

ዙሁራ፦ አላወቀችም። ሐሜት ነው እንጂ ፈተና አይደለም።

ወለቴ፦ ማሽን ተሸክሜ ስቆም ይሄን አትነግሪኝም ነበር?

ዙሁራ፦ አንቺ የጠየቅሽኝ ስለ ማሽኑ ነዋ!

ወለቴ፦ [ጥቁር ጣቷን እያየች ትስቃለች] ለማታነብ ሴት ማንበቤን ላሳይ... አይ ወለቴ!

ዙሁራ፦ በይ ነይ። ባለ ጥለቱንም ያዢው።

ወለቴ፦ ምን ላደርገው?

ዙሁራ፦ ለባዩሽ ስጫት። እሷም እንዳንቺ ከወረቀት ላይ መርቃ ይውጣላት።