አባታችን ስኳር የሌለው ቡና እንዲወዱ ለማድረግ የተቋቋመው የቤተሰብ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ፣ ረፋድ አራት ሰዓት (የተጀመረው አምስት ሰዓት ላይ ነው)
ቦታ፦ ሳሎን፣ የሚተኮሰው ልብስ ከሶፋው ላይ ተነሥቶ

የተገኙ፦ እናታችን (ሰብሳቢ)፤ ፋርማሲስቷ አክስታችን፣ የአባታችን እኅት፤ የኩሽና ሚዛን ከገዛ ወዲህ «አቶ ሚዛን» የምንለው የእህቴ ባል፤ «ቢሮ የምትሠሪው አንቺ ነሽ» ተብዬ ያለ ምርጫ የተመደብኩት እኔ፣ ትንሿ ልጅ (ጸሐፊ)።
ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ጉዳዩ የሚመለከታቸው አባታችን፣ የአውቶቡስ ሹፌር።

ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። እህቴ ሥራ ገብታ ባትገኝም፣ ድምፅዋ ለባሏ እንዳይሰጥ መልእክት ልካለች።

አጀንዳ 1፦ የጉዳዩ አስፈላጊነት

ሰብሳቢዋ እንዳስረዱት፣ ሐኪሙ የአባታችን ስኳርና ክብደት ካልወረደ ለመንጃ ፈቃድ ማደሻ የሚሆነውን የጤና ወረቀት እንደማይፈርም ተናግሯል። አባታችን ደግሞ ከመሪ ውጪ ሌላ ሥራ አያውቁም። ጥፋተኛው ክሬምና ስኳር የሚሞላበት ቡናቸው መሆኑ ታምኖበታል፤ ከሐኪሙ ወዲህ ቤት ውስጥ ያለ ስኳር የሚቀዳላቸውን ግን ሳይነኩት ይነሣሉ። ቡናውን ጨርሶ መከልከል የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ሐሳቡን አቀረብኩ የሚል ሰው ስላልተገኘ ታልፏል።

አጀንዳ 2፦ የመጠጡ ዓይነት

አክስታችን ቀረፋና የብርቱካን ልጣጭ ይግባበት አሉ። አቶ ሚዛን ስብ የወጣለት ወተት በበረዶ ተመትቶ ካካዎ እንዲነሰነስበት ጠየቀ፤ ካሎሪውንም አስልቶ መጥቷል። አክስታችን ቡና በበረዶ የሚጠጣ ሰው ሾርባውንም በበረዶ ይጠጣ ብለዋል። አቶ ሚዛን ይህ ቃል ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አመለከተ። አልተሰረዘም። ሰብሳቢዋ ቫኒላ ጠብ ይደረግበት ሲሉ ተቃውሞ አልቀረበም፣ ምሳ የሚሠሩት እሳቸው ናቸውና።

ከረጅም ውይይት በኋላ ቀረፋ፣ ቫኒላና ስብ የወጣለት ትኩስ ወተት ያለበት፣ ስኳር የማይነካው ቡና እንዲሆን ተወሰነ። በረዶው ለሚያብጠው የአክስታችን ጉልበት ተሰጠ።

አጀንዳ 3፦ ቅምሻ

ስኒው ተሞልቶ ትንሽ በረድ እንዲል ኩሽና ተቀመጠ። በዚህ መካከል ሰብሳቢዋ ምድጃው መጥፋቱን ለማየት ገብተው ወጡ። አክስታችን መነጽራቸውን ፍለጋ ገቡ፤ መነጽሩ ዓይናቸው ላይ ነበር። አቶ ሚዛን ውኃ ጠማው። ጸሐፊዋም እስክሪብቶ ፍለጋ ገብታለች።

አባታችን አንዴ ጎንጨት አድርገው ፈገግ አሉና ስኒውን አስቀመጡ። «ደክማችኋል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። መጠጡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ተጨበጨበ።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

አክስታችን እስቲ እኔም ልቅመሰው ብለው ቀመሱና፣ «ይሄ ቡና ሳይሆን የሳል ሽሮፕ ነው፤ ማነው ስኳር የጨመረበት?» ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢዋ አንጀቴን በላኝ፣ ደግሞስ አንዲት ማንኪያ ምን አላት አሉ። አቶ ሚዛን የእሱ አምስት ግራም ብቻ መሆኑን፣ ያውም ተመዝኖ መግባቱን አስረዳ። አክስታችን የራሳቸውን ማንኪያ ረስተው ሲቆጡ እንደነበር አመኑ። እስክሪብቶው መጀመሪያም በጸሐፊዋ እጅ እንደነበረ ይመዝገብ።

ሰብሳቢዋ፣ «አንተስ ጣፋጭ መሆኑን እያወቅህ እንዴት ዝም ትላለህ?» ብለው አባታችን ላይ ዞሩ። አባታችን ድምፅ ባይኖራቸውም እንዲናገሩ ተፈቀደላቸው።

«ከሐኪሙ ከተመለስኩ ጀምሮ መናኸሪያ ከሹፌሮቹ ጋር ጥቁሩን ነው የምጠጣው» አሉ። «መሪዬን ለስኳር ብዬ አልለቅም። እዚህ ቤት ግን የእኔን መራራ ስኒ ለብቻዬ ታስቀምጡልኝና፣ የጣፈጠውን ኩሽና ተደብቃችሁ ትጠጣላችሁ። ያቃተኝ እሱ ነው። ዛሬ ሁላችሁም አጠገቤ ስትቀመጡ ደስ አለኝና ዝም አልኩ።»

አቶ ሚዛን ዓይኑን አበሰ። ቀረፋው ነው ብሏል።

ውሳኔ

ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ ጭብጨባውም ጭምር፣ ተሽሯል። ኮሚቴው ፈርሷል። ቀረፋው አባታችን ስለወደዱት በልመና ተርፏል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ለሁሉም አንድ ቡና፣ ያለ ስኳር፣ ከአንድ ማንቆርቆሪያ ይቀዳል፤ ሁሉም አብሮ ተቀምጦ ይጠጣል።

ስብሰባው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ተዘጋ፤ የተነሣ ሰው ግን የለም፣ የመጀመሪያው ስኒ ተቀድቷልና። በጣም ይመራል። ኩሽና ገብቶ የወጣ የለም።