እቴቴ የገባችበት የሰው ስብሰባ

በእኛ ሰፈር መጠጥ ቤት ፈልጎ የጠፋ ሰው አላየሁም። ነፋስ ስልክ ቆመው ዓይንዎን ቢጨፍኑ እንኳ ሙዚቃው እጅዎን ይዞ ያደርስዎታል። አንድ ሰው ግን “መጠጥ ማቆም ፈልጌ ነበር፣ በየት በኩል ነው?” ብሎ ቢጠይቅ መንገድ የሚያሳየው ቀርቶ የሚያምነው አያገኝም። “ተወዋ! ምን አስቸገረህ?” ይሉታል። ይህን የሚሉትም ብዙ ጊዜ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ነው።

ታላቅ እህቴ አስናቀች፣ እኔ እቴቴ የምላት፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ልብስ ሰፊ ናት። ለእንቅልፍ ብላ የጀመረችው አረቄ ቀስ በቀስ ከማታ ወደ ቀን ተሻገረና በሻይ ፔርሙዝ ሆኖ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ መቀመጥ ጀመረ። ወንድ ሲጠጣ “ተጫዋች ነው” ይባላል። ሴት ስትጠጣ ቤተሰብ በሩን ይዘጋል። እኛም ዘጋን። ከሥራ በቀረች ቁጥር ለደንበኞቿ “ጨጓራዋን አሟት ነው” እንላለን። ያ ምስኪን ጨጓራ አፍ ቢኖረው በስም ማጥፋት በከሰሰን ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ግን አሳምረን እናውቀዋለን፤ ለሰው እንተርተዋለንና።

የጨጓራው ወሬ ያበቃው ልጇ ማህሌት ሻንጣዋን ይዛ እኔ ቤት የገባች ዕለት ነው። “እማዬን እወዳታለሁ አጎቴ” አለችኝ፤ “ከፔርሙዙ ጋር መኖር ግን አልቻልኩም።” ቃል በቃል ለእቴቴ ነገርኳት። አላለቀሰችም። በማግሥቱ ማንም ሳይገፋት ጤና ጣቢያ ሄደች። እዚያ ሕክምና ያስጀመረቻት ነርስ፣ ለቡ መብራት ኃይል ቅዳሜ ከሰዓት መጠጥ ያቆሙና ለማቆም የሚታገሉ ሰዎች እየተገናኙ እንደሚነጋገሩ ነገረቻት። የሚሰብክ የለም፣ የሚቆጣ የለም፤ ሁሉም ታማሚ፣ ሁሉም አስታማሚ።

“ብቻዬን ከሄድኩ በሩ ላይ ስደርስ እመለሳለሁ” ስላለችኝ አብሬያት ሄድኩ። ከታክሲ ወርደን ነርሷ ያለችውን አረንጓዴ በር አገኘን። ችግሩ የመጣው እዚህ ጋ ነው። ጥበቃውን ምን ብለን እንጠይቀው? እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉታል? እኔ ድምፄን ዝቅ አድርጌ “ስብሰባው…” ብዬ ተውኩት።

“ተጀምሯል፣ ግቡ ግቡ!” አለ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ነጠላ ያጣፉ እናቶች፣ ሱፍ የለበሱ አባቶች፣ ሕፃን ያቀፈች ወጣት። ይህ ሁሉ ሰው በመጠጥ መቸገሩ አስደነገጠኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አጽናናኝ። ሰብሳቢው፣ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ባለ ባርኔጣ አዛውንት፣ ከፊት ሆነው አዩንና “አዲስ የመጣችሁ እስቲ ራሳችሁን አስተዋውቁን” አሉ።

እቴቴ ተነሣች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

“አስናቀች እባላለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። አረቄ እጠጣለሁ፤ ማቆም አቅቶኛል። ልጄ ጥላኝ ሄዳለች።”

በስንት ዓመት ለራሷ እንኳ ያልተናገረችው ነገር ነበር። ከኋላ አንዲት ሴትዮ በትሕትና እጃቸውን አወጡ።

“ስንተኛ ፎቅ ነው የምትኖሪው እህቴ?”

ያን ጊዜ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ያነበብኩት። የሕንፃው ነዋሪዎች ስለተበላሸው የውሃ ፓምፕ ሊመክሩ ነበር የተሰበሰቡት።

ክንዷን ይዤ አስወጣኋት። ግቢው ውስጥ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና “ወደ ቤት ውሰደኝ፣ ሁለተኛ አልናገረውም” አለች። ልክ ናት ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። ከኋላችን ኮቴ ሰማን፤ ጋሽ ታደሰ ናቸው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

“የምትፈልጉት ከሕንፃው ጀርባ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው” አሉ።

“እንዴት አወቁ?” አልኳቸው።

“ቅዳሜ ቅዳሜ በበሩ አልፋለሁ” አሉ መሬት መሬት እያዩ። “ገብቼ ግን አላውቅም።”

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። የፓምፑን ጉዳይ ለስብሰባው ጸሐፊ ትተው መሩን። የመዋዕለ ሕፃናቱ በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው ሻይ ይጠጣሉ። ጋሽ ታደሰ ደፉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። አንድ እርምጃም ወደ ኋላ አሉ። እቴቴ አየቻቸው፤ እንባዋን ጠረገች።

“ይግቡ ጋሼ” አለቻቸው። “እኔ እቀድምልዎታለሁ፤ ተለማምጄ ነው የመጣሁት።”

ገቡ። እኔ ውጭ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገር አማረ ብል ውሸት ይሆንብኛል። እቴቴ አንድ ጊዜ ተመልሳ ጠጥታ ነበር። በቀጣዩ ቅዳሜ እንዳፈረች ሄዳ ተናገረችው፤ ማንም አላባረራትም። ጋሽ ታደሰን ስጠይቃት “እሱን እኔ አልነግርህም” ብላ አፌን አስያዘችኝ። እሷም እንደዚያ ያለ ምስጢር ጠባቂ ዘመድ ቢኖራት ኖሮ የጨጓራ ወሬ ባላስፈለገን ነበር።

ማህሌት መጀመሪያ እናቷን በስልክ ብቻ ታናግራት ነበር። ቆይታ እሑድ እሑድ ለምሳ ወደ እሷ መሄድ ጀመረች። ባለፈው እሑድ ግን ሲመሽ አልተመለሰችም። ደወልኩላት።

“እዚህ ላድር ነው አጎቴ።”

“ምንም ሳትይዢ?”

“የጥርስ ብሩሽ ገዝታ አስቀምጣልኛለች።”

ሻንጣዋ አሁንም እኔ ቤት ነው። ይቀመጥ፤ ቦታ አላጣበበም።