ተቀምጠው የሚራመዱልኝ ጋሽ ዋዳ

መወፈር ድሮ ደግ ነበር። «ተመችቶሃል!» ሲሉኝ ኮራ እል ነበር። አሁን ሰው ሁሉ ሐኪም ሆኖ የለም? ሆዴን አይቶ «ተመርምረሃል?» ይለኛል።

ተመረመርኩ፤ ስኳር ተገኘብኝ። ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ ቀልድ ግን አታውቅም። እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት እጄ ላይ አሰረችና ቁጥሩ በየቀኑ ስልኳ ላይ እንደሚገባ ነገረችኝ። በቀን ስምንት ሺህ! በሦስት ወር ኪሎዬ ካልቀነሰ፣ ስኳሬም ካልወረደ፣ የኢንሱሊን መርፌ እንጀምራለን አለች። አባቴን እግሩን ያሳጣው ስኳር ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በጣም ፈራሁ።

የፈራ ሰው ይራመዳል አይደል? እኔም ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን ጀመርኩት። ጀመርኩት ነው ያልኩት። የአርባ ምንጭን ፀሐይ ታውቋታላችሁ፤ ግማሽ ሳልደርስ ባጃጅ አስቆምኩ።

አንድ ቀን ጋቢ ላሠራ ጎረቤቴ ጋሽ ዋዳ ዘንድ ሄድኩ። የዶርዜ ሸማኔ ናቸው። ሰዓቱን ወደዱትና «እስቲ ልሞክረው» ብለው አሰሩት። እሳቸው መወርወሪያቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውሩ እኔ የላንቴ ሙዜን እልጣለሁ። ሦስተኛውን ስጨርስ ሰዓቱን አየሁት፤ ሦስት ሺህ እርምጃ! ሽማግሌው ከመቀመጫቸው አልተነሱም እኮ። ለካ ይሄ ሰዓት የሚቆጥረው የእጅ ውዝዋዜ ነው!

ከዚያ ወዲያማ ምን ልበላችሁ! ሰዓቱን ጠዋት አደርስላቸዋለሁ፣ ማታ እወስዳለሁ። አንድ ቀን አሥራ ሁለት ሺህ፣ ሌላ ቀን አሥራ አምስት ሺህ። እሁድስ? እሁድ ሽመና የለም፤ ግን ቸርች ቆመው እያጨበጨቡ ሲዘምሩ አራት ሺህ ይሞላል። ሐኪሟ ደውላ «ጎበዝ ጋሼ!» ስትለኝ፣ ታምናላችሁ፣ ድካም ድካም ይለኝ ነበር። የደከመ ሰው ደግሞ መብላት አለበት።

ሦስት ወሩ ደረሰና ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሁለት ኪሎ ጨምሬያለሁ፤ ስኳሬም አልወረደም። ሐኪሟ ስልኳን አየች፣ እኔን አየች።

«ይሄን ያህል እየሄዱ ካልቀነሱማ ነገሩ ከባድ ነው፣ ጋሼ። መርፌውን ዛሬውኑ እንጀምራለን፤ መጠኑንም ከፍ አደርገዋለሁ» ብላ መጻፍ ጀመረች።

እስክሪብቶዋን ያዝኩት። ጋሽ ዋዳን ከነመወርወሪያቸው ተናዘዝኩ።

ስቃ ስታበቃ ተቆጣች። አንድ ወር ብቻ ጨመረችልኝና ሰዓቱን ከእጄ ፈትታ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰረችው።

አፍሬ ለጋሽ ዋዳ ልነግራቸው ሄድኩ። ሥራ ላይ ናቸው። እጃቸው ይወረውራል፤ ከታች ደግሞ ሁለት እግሮቻቸው የሽመናውን መርገጫ እየተፈራረቁ ይረግጣሉ፣ ዕረፍት የላቸውም። ቁርጭምጭሚቴን አይተው ሳቁ።

«ታዲያ ለዚህ ታዝናለህ?» አሉና አንድ እግራቸውን ዘረጉልኝ። «እሰረዋ!»

እግሬ አውጪኝ ብዬ ወጣሁ። ትንፋሼ ሲያጥር ቆሜ ቁጥሩን አየሁት። ሁለት መቶ አርባ። ሰባት ሺህ ሰባት መቶ ስልሳ ይቀረኛል። የጋሽ ዋዳ በር ደግሞ እስካሁን ክፍት ነው።